የጉድፍ ክምር ምስክርነት
በግሪንላንድ የሰፈሩት ኖርሶች ምን ይበሉ ነበር?

ታሪክ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣው ንጉሥ ሲነግሥ፣ ሠራዊት ሲዘምት፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ነው። ንጉሡም ሆነ ወታደሩ፣ ካህኑም ሆነ ባላገሩ በየቀኑ ምን እንደ በላ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። የዕለት ምግብ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ ለመጻፍ የሚበቃ ቁም ነገር አይመስልም። ይሁን እንጂ የአንድን ሕዝብ አኗኗርና ያለፈበትን መከራ ለማወቅ ከማዕዱ የበለጠ አስረጂ አይገኝም። ማዕዱ ከተነሣ፣ በላተኞቹም ካለፉ በኋላ አንድ ነገር ይተርፋል፤ ይኸውም ከቤት ጓሮ የተጣለው አጥንት ነው።

በተለይም ከወገኑ ተለይቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሰው ሊኖርበት ከሚችለው ምድር ጠረፍ ላይ የሰፈረ ሕዝብ ታሪኩን በጽሑፍ የመተው ዕድሉ አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለው ሕዝብ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ስለ እርሱ የሚናገሩት ከሩቅ ሆነው የሰሙ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ ሕዝቦች አንዱን ነው፤ ይኸውም ከ10ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በግሪንላንድ ደሴት ኖረው የጠፉትን የኖርስ ሰፋሪዎች ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስለ እነዚህ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ሲነገር የቆየው ፍርድ፣ ከአባቶቻቸው አገር ያመጡትን የከብት ርባታ ልማድ አንለቅም ብለው፣ በደጃቸው የሚመላለሰውን የባሕር ሲሳይ ንቀው፣ በገዛ ግትርነታቸው አለቁ የሚል ነበር። አገራችን «ሙት ወቃሽ» የምትለው ዓይነት ፍርድ ነው፤ ተከሳሹ ተነሥቶ መልስ ሊሰጥ አይችልምና። ነገር ግን ተከሳሾቹ ምስክር ሳይተዉ አልሄዱም። ምስክራቸውም የጉድፍ ክምራቸው ነው።

አገሩና ሰፋሪዎቹ

ግሪንላንድ ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ናት። ከስፋቷ ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል በጋ ከክረምት በማይቀልጥ በረዶ የተሸፈነ ነው። ሰው ሊኖርበት የሚችለው የባሕሩ ዳርቻ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ለከብት የሚሆን ሣር የሚበቅለው ፊዮርድ በሚባሉት፣ ከባሕር ተነሥተው በተራሮች መካከል ወደ ውስጥ ዘልቀው በሚገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች ዙሪያ ነው።

የአይስላንድ ጥንታውያን ትረካዎች እንደሚነግሩን፣ ቀዩ ኤሪክ የሚባል ሰው በነፍስ ግድያ ተከሶ ከአይስላንድ ለሦስት ዓመት በተሰደደ ጊዜ ይህን ምድር ዞሮ ተመለከተ። ወደ አገሩም ሲመለስ፣ ስሙ ያማረ ከሆነ ሰው ይከተለኛል ብሎ «አረንጓዴ ምድር» ብሎ ሰየመው። በ985 ዓ.ም. ገደማ 25 መርከቦች ሰውና ከብት ጭነው ከአይስላንድ ሲነሡ፣ ከግሪንላንድ የደረሱት 14ቱ ብቻ እንደ ሆኑ ትረካው ይገልጻል።

ከዚያም ሰፋሪዎቹ በሁለት ወገን ተቀመጡ። ትልቁ በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ያለው ነው፤ እርሱም ምሥራቃዊው ሰፈር ይባላል። ሁለተኛውና አነስተኛው ከዚያ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ፣ ዛሬ የደሴቲቱ ዋና ከተማ ኑክ ባለችበት አካባቢ ይገኝ ነበር፤ እርሱም ምዕራባዊው ሰፈር ይባላል። በበዙበት ዘመን እንኳ የሁለቱ ሰፈሮች ሕዝብ ከጥቂት ሺሕ እንዳላለፈ ይገመታል። በ1000 ዓ.ም. ገደማ ክርስትናን ተቀበሉ፤ በ1126 ዓ.ም. የራሳቸው ጳጳስ መጥቶላቸው መንበሩን ጋርዳር በሚባለው ስፍራ አደረገ፤ በ1261 ዓ.ም. ደግሞ ለኖርዌይ ንጉሥ ገበሩ። ስለ እነርሱ በጽሑፍ ተመዝግቦ የምናገኘው የመጨረሻው ነገር በ1408 ዓ.ም. በቫልሴይ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ አንድ ጋብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ዝም ይላል። በ1721 ዓ.ም. ሐንስ ኤገደ የተባለው ሰባኪ የእነዚህን ክርስቲያኖች ዘር እፈልጋለሁ ብሎ ወደ ግሪንላንድ በሄደ ጊዜ ያገኘው የፈረሰ ግንብና ኢኑይት የተባሉትን የአገሩን ሰዎች ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከ450 ዓመት በላይ የቆየ ሕዝብ ታሪክ በጽሑፍ የቀረው ይህን ያህል ነው። ስለ ጳጳሱ፣ ስለ ግብሩና ስለ ጋብቻው ተጽፏል፤ ስለ ማዕዱ ግን የተጻፈው ከምንም አይቈጠርም።

አጥንት እንዴት ይነበባል?

የግሪንላንድ ባላገር የቤቱን ጥራጊ፣ አመዱንና የበላውን አጥንት ከደጁ አጠገብ ይከምር ነበር። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ክምሩ ከፍ ይላል፤ ከታች ያለው የቀድሞው፣ ከላይ ያለው የኋለኛው ነው። የአገሩ ቅዝቃዜም አጥንቱን ከመበስበስ ጠብቆታል። ስለዚህ ክምሩን ከላይ ወደ ታች በጥንቃቄ የሚቈፍር ሰው የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እየገለጠ ያነብባል ማለት ይቻላል።

ይህን ሥራ ከጀመሩት መካከል የዴንማርክ ተወላጆች የሆኑት ዳኒኤል ብሩንና ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ፖል ኖርሉንድ ይገኙባቸዋል። ኖርሉንድ በ1921 ዓ.ም. የሄርዮልፍስነስን መቃብር፣ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ የጋርዳርን የጳጳስ መንበር ቈፈሩ። የእንስሳት ሊቅ የነበሩት ማግኑስ ደገርቦል ከየቁፋሮው የተገኘውን አጥንት መረመሩ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ መክገቨርንና ባልደረቦቻቸው ሥራውን አስፋፉት።

የአጥንት መርማሪ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ስባሪ የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ ይለያል፤ ቀጥሎም ይቈጥራል። ከጥርሱ መበላትና ከአጥንቱ መጠንከር እንስሳው በስንት ዓመቱ እንደ ታረደ ያውቃል። የቢላዋ ጭረት ካለበት ሥጋው መበለቱን፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ እንደ ሆነ መቅኔው መውጣቱን፣ የውሻ ጥርስ ካረፈበት ፍርፋሪው ለማን እንደ ተጣለ ይረዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው የአካል ክፍል እንደ ተገኘና የትኛው እንደ ጐደለ ይመለከታል።

ለዚህ ለመጨረሻው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ዋልረስ ነው። ይህ እጅግ ትልቅ የሆነ፣ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ከአፉ ወደ ታች የወጡለት የባሕር አውሬ ነው። አጥንቱ በሁለቱም ሰፈሮች በብዙ ስፍራ ተገኝቷል፤ ነገር ግን አብዛኛው የመንጋጋ ስባሪ ነው። የጐድንና የጭን አጥንቱ ከስንት አንድ ነው። እንግዲህ ወደ ቤት ይመጣ የነበረው ሥጋው ሳይሆን ጥርሱን የያዘው የላይኛው መንጋጋ ነው ማለት ነው። አዳኞቹ በበጋ ወደ ሩቁ ሰሜን ቀዝፈው ሄደው ይገድሉታል፤ ራሱን ቈርጠው ይመለሳሉ፤ በክረምት ቤት ተቀምጠው ጥርሱን ከመንጋጋው ይፈለቅቃሉ። ይህ ጥርስ ወደ አውሮፓ የሚላክ ሸቀጥ ነበር። በ1327 ዓ.ም. ለቤተ ክርስቲያን የተከፈለው የግሪንላንድ አሥራት እንኳ በዋልረስ ጥርስ ነበር። በ2018 ዓ.ም. የወጣ አንድ የዘር ቅንጣት ምርመራ ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ወደ ምዕራብ አውሮፓ የገባው የዋልረስ ጥርስ አብዛኛው ከግሪንላንድ በኩል የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከጉድፍ ክምር የተገኘ አጥንት ሁሉ የምግብ አጥንት አይደለም፤ መርማሪው ይህን ካልለየ ሰዎቹን ያልበሉትን ያበላቸዋል።

የላምና የአቆስጣ አገር

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በመርከባቸው ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ዐሣማ፣ ፈረስና ውሻ ይዘው መጡ። ከታችኛው የክምር ክፍል የሚገኘው አጥንት ይህን ያረጋግጣል። ዐሣማ ግን ብዙም ሳይቈይ ከማዕዱ እየጠፋ ሄደ፤ እህል በማይበቅልበትና ደን በሌለበት አገር ዐሣማን መመገብ የማይሆን ነገር ነበርና። በሌላ ወገን ፍየል፣ ቍጥቋጦ ቀርጥፎ የሚያድር ስለ ሆነ፣ ተስማምቶት ቈየ።

ላም በኖርስ ዘንድ የክብር ሀብት ነበረች፤ ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ግን በግሪንላንድ ላም ማርባት እጅግ ከባድ ዕዳ ነበር። ክረምቱ ረጅም ስለ ሆነ ከዓመቱ የሚበዙትን ወራት ከብቱ ከጋጣ ሳይወጣ ይቈያል፤ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሚበቃው ድርቆሽ በአጭሩ በጋ ታጭዶ መከተት አለበት። ከጋጣው ፍርስራሽ የሚገኘው የከብት አጥንትም ላሞቹ እጅግ ትናንሾች እንደ ነበሩ ያሳያል።

ከላሞቹ አጥንት መካከል የእንቦሳ አጥንት በብዛት ይገኛል። ምክንያቱ ወተት ነው። ጥጃው ሳያድግ ከታረደ ወተቱ ለሰው ይተርፋል፤ ወተቱም ቅቤና አይብ ሆኖ ለክረምት ይቀመጣል። ስለዚህ ሰፋሪው ከብቱን የሚጠብቀው ይበልጡን ለሥጋው ሳይሆን ለወተቱ እንደ ነበረ እንረዳለን። አጥንት ወተትን በቀጥታ አያሳይም፤ ነገር ግን በእንቦሳው ሞት በኩል ይጠቁማል።

ታዲያ ሥጋው ከየት ይመጣል? መልሱ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ አንድ ነው፤ ከዱር አውሬና ከባሕር። በተራራው ላይ የሰሜን አጋዘን ነበረ፤ በተለይም የምዕራባዊው ሰፈር ሰዎች እርሱን በብዛት ያድኑ ነበር። በባሕሩ ውስጥ ደግሞ አቆስጣ ነበረ። አቆስጣ ከኦሪት መጽሐፍ በቍርበቱ ስሙን የምናውቀው፣ በውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በስብ የተሸፈነ ጠጕራም እንስሳ ነው። ከግሪንላንድ አቆስጣዎች አንዳንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ከዳርቻው የማይርቁ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በበልግ መጨረሻ፣ በግንቦትና በሰኔ አካባቢ፣ በመንጋ ሆነው በዳርቻው በኩል ያልፋሉ። ይህ ወር የክረምቱ ቅቤና የደረቀ ሥጋ የሚያልቅበት፣ ላሞቹም ገና ከጋጣ የሚወጡበት፣ በሁለት ዓመት መካከል ያለ የችግር ወር ነው። የአቆስጣው መንጋ በዚህ ሰዓት መድረሱ ለሰፋሪው ነፍስ አድን ነበር። የየቤቱ የጉድፍ ክምር የአቆስጣ አጥንት የሞላበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከምድር ወደ ባሕር

ከዚህ ላይ አጥንትን መቍጠር ብቻውን የማይፈታው ጥያቄ ይነሣል። አንድ ሰው ከዓመት ምግቡ ስንት እጁን ከባሕር፣ ስንት እጁን ከምድር አገኘ? ቅቤና አይብ አጥንት የላቸውምና ቈጠራው ይጐድላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው ከበላተኞቹ ከራሳቸው አጥንት ነው።

የሰው አጥንት የሚታነጸው ከሚበላው ምግብ ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ካርቦን የተባለው ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ ከባሕር የሚገኝ ምግብ ከከባዱ ዓይነት፣ እንዲህ ባለው ቀዝቃዛ አገር ከምድር ከሚገኘው ምግብ ይልቅ ይበዛበታል። ስለዚህ የሟቹን አጥንት መርምሮ የሁለቱን መጠን የሚያነጻጽር ሊቅ፣ ሰውዬው በዕድሜው ይበልጡን ላም ያጠገበው ወይስ አቆስጣ ያጠገበው እንደ ሆነ ለመለየት ይችላል።

በ1999 ዓ.ም. ዬተ አርኔቦርግና ባልደረቦቻቸው በግሪንላንድ አብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ የተቀበሩ የ27 ሰዎችን አጥንት በዚህ መንገድ መርምረው ውጤቱን አስታወቁ። በቀዩ ኤሪክ ዘመን አካባቢ የኖሩት ሰዎች ምግባቸው ከባሕር ያገኙት 20 በመቶ ያህሉን ነበር። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አካባቢ፣ ማለትም በሰፈሩ መጨረሻ ዘመን፣ ይህ መጠን ወደ 80 በመቶ ደርሶ ተገኘ። በሌላ አነጋገር፣ በምድር ከብት መኖር የጀመረ ሕዝብ ከአራት ምዕተ ዓመት በኋላ በባሕር አውሬ የሚኖር ሕዝብ ሆኗል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ግትር ነበሩ፣ የባሕሩን ሲሳይ ናቁ የተባሉት ሰዎች የማዕዳቸውን ሚዛን ከላይ ወደ ታች ገልብጠዋል። አየሩ እየከፋ፣ ሣሩ እያነሰ፣ ድርቆሹ እየጐደለ ሲሄድ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ ወደሚገኘው ምግብ ዞሩ። የቀድሞው ፍርድ በዚህ ረገድ ሐሰት ሆኖ ይገኛል።

የጌታና የድኻ ማዕድ

ነገር ግን ለውጡ በሁሉ ቤት እኩል አልመጣም። ይህን የሚነግሩን ልዩ ልዩ ቤቶች አጠገብ የተገኙት ክምሮች ናቸው።

በምዕራባዊው ሰፈር ሳንድነስ የተባለው ታላቅ ርስት ሰፊ የሣር መስክና የራሱ ቤተ ክርስቲያን ነበረው። ከዚያ የተገኘው አጥንት ከአካባቢው ትናንሽ ቤቶች ጋር ሲነጻጸር የላምና የአጋዘን ድርሻው ከፍ ያለ ነው። በትናንሾቹ ቤቶች ግን በግና ፍየል ከላም ይልቅ ይበዛሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚበዛው አቆስጣ ነው። በጋርዳር የጳጳሱ ጋጣ ብቻውን መቶ ያህል ላሞች ለመያዝ የሚችል ነበር፤ ተራው ባላገር ግን ጥቂት ላሞች ብቻ ያሉት ሰው ነበር። በዚያው በጋርዳር በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የዋልረስ ራስ ቅሎች በብዛት ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ይህም የባሕሩ አደን ከሥጋ ይልቅ ለክብርና ለንግድ የተያያዘበትን ቤት ያመለክታል።

ከዚህ የምንረዳው፣ ከላም ወደ አቆስጣ የተደረገው ጉዞ ከታች የጀመረ መሆኑን ነው። ድርቆሽ የጐደለበት ድኻ ቀድሞ ወደ ባሕር ዞረ፤ የጳጳሱና የባለርስቱ ጋጣ ግን እስከ መጨረሻው ላም አላጣም። የሰፈሩም ጕልበት በዚሁ ተከፋፈለ። በበጋ አንድ ወገን ወደ ሰሜን ዋልረስ ለማደን ይሄዳል፤ ሌላው ወገን ለላሞቹ ድርቆሽ ያጭዳል። ሁለቱም ሥራ ይበልጡን የሚጠቅመው ትልልቆቹን ቤቶች ነው። የአቆስጣው አደንም ቢሆን ብዙ ሰውና ብዙ ጀልባ ይፈልጋል፤ በአገሩ ለጀልባ የሚሆን ረጅም ዛፍ የለም፤ ዕንጨቱ የሚገኘው ባሕር ተንሳፍፎ ካመጣው ወይም ከውጭ አገር ከተገዛው ነው። ሰፋሪዎቹ በአንድ የጸደይ ማዕበል ጥቂት ጀልባዎችና ጐልማሶች ቢያጡ፣ የዓመቱን ምግብ የሚያመጣ እጅ አብሮ ይሰጥማል።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ሳይማሩ ቀርተዋል። ኢኑይት በክረምት በበረዶው ላይ ቆመው አቆስጣው ለመተንፈስ ብቅ በሚልበት ቀዳዳ ጠብቀው፣ ገመድ በታሰረበት ጦር ይወጉታል። በዚህ ጥበብ የሚያዘው የትንሹ የበረዶ አቆስጣ አጥንት በኖርሶች ክምር ውስጥ ብዙም አይገኝም፤ ጦሩም እንዲሁ። ኖርሶች በጸደይ የሚያልፈውን መንጋ ጠበቁ እንጂ የክረምቱን አደን አልያዙም። ስለዚህ በማዕዳቸው ላይ የተደረገው ለውጥ ትልቅ ቢሆንም፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያዛልቅ አልነበረም።

ያልተገኘው ዓሣ

በጉድፍ ክምሮቹ ከተገኘው ይልቅ ብዙ ክርክር ያስነሣው ያልተገኘው ነገር ነው፤ እርሱም የዓሣ አጥንት ነው። የኖርዌይና የአይስላንድ ሰው ዓሣ በል ነው፤ የግሪንላንድም ፊዮርዶችና ወንዞች ዓሣ አላቸው። ሆኖም በአሥር ሺሕ የሚቈጠር አጥንት በወጣበት ስፍራ እንኳ የዓሣው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ጃሬድ ዳይመንድ በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ሰፊ መጽሐፍ ሰፋሪዎቹ ዓሣን እንደ እርም ሳይቈጥሩት አልቀሩም የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ የግትርነታቸው ወሬም በዚህ ምክንያት በዓለም ዙሪያ ተሰማ።

ግን ሌላ መልስ አለ። የዓሣ አጥንት ስስ ስለ ሆነ ከሌላው አጥንት ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል፤ ለውሻና ለከብትም ይሰጣል። ከዚህም ይልቅ የሚያመዝነው የጕልበቱ ነገር ነው። የዓሣው ማጥመጃ ወራት ከአቆስጣው መንጋ፣ ከዋልረሱ አደንና ከድርቆሹ አጨዳ ጋር ይጋጫል። በአንድ አቆስጣ የሚገኘው ስብና ሥጋ በብዙ ዓሣ አይገኝም፤ ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ስብ ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ዓሣው እርም ስለ ሆነ ሳይሆን፣ አቆስጣው የዓሣውን ቦታ ስለ ያዘ ተትቶ ሊሆን ይችላል። የአጥንቱ ምርመራ ከባሕር የሚበሉት እስከ 80 በመቶ መድረሱን ካሳየ በኋላ፣ ባሕርን ናቁ ብሎ መክሰስ የሚቻል አይደለም።

የመጨረሻው ክረምት

በ14ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ኢቫር ባርዳርሶን የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሹም ወደ ምዕራባዊው ሰፈር በሄደ ጊዜ ሰው እንዳላገኘ፣ በመስኩ ላይ እረኛ የሌላቸው ከብቶች ብቻ እንዳየ ተናግሯል። በዚያ ምን ሆኖ ነበር? ይህንም አጥንት ይነግረናል፤ ግን ከየቤቱ የሚሰማው ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

ኒፓትሶክ በሚባለው ቤት፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በተደረገው ቁፋሮ፣ ከቤቱ ወለል በመጨረሻው ንጣፍ ላይ የተገኘው አጥንት አሳዛኝ ነው። የላሞች ሰኮና፣ የእንቦሳና የግልገል አጥንት፣ የጥንቸልና የበረዶ ቆቅ እግሮች ተገኙ። የዘር ላም ከታረደች፣ እንቦሳውም ከተበላ፣ ለሚመጣው ዓመት የቀረ ተስፋ የለም። ከዚህ ሁሉ ጋር የቢላዋ ጭረት ያረፈባቸው የአዳኝ ውሾች አጥንት ተገኘ፤ በሌሎቹ ዘመናት ክምር እንዲህ ያለ ምልክት በውሻ አጥንት ላይ ብዙም አይታይም። አጋዘን የሚያሳድደውን ውሻ አርዶ የበላ ሰው፣ ሌላ የሚበላው እንዳልቀረው ያስረዳል። ከወለሉ የተገኙት የዝንቦች ቅሪቶችም ከዚሁ ጋር ይስማማሉ፤ በሰው ቤት ሙቀት ብቻ የሚኖሩት ዝንቦች ጠፍተው፣ ብርድን የሚችሉትና ጥንብ ላይ የሚያርፉት ተተክተዋል። እሳቱ ጠፍቷል ማለት ነው። በወለሉ ላይ ግን የሰው ሬሳ አልተገኘም። በሕይወት የተረፉ ሰዎች ወጥተው እንደ ሄዱ ይገመታል፤ ወዴት እንደ ሄዱ አጥንቱ አይናገርም።

በዚያው በምዕራባዊው ሰፈር በ1990 ዓ.ም. ሁለት አዳኞች ከአሸዋ ውስጥ የወጣ ዕንጨት አይተው ሌላ ቤት ተገኘ፤ ከ1991 እስከ 1996 ዓ.ም. ተቈፈረ፤ «ከአሸዋው በታች ያለው ቤት» ተብሎም ታወቀ። በዚህ ቤት የረኃብ ምልክት አልታየም። ሰዎቹ ለቅቀው ከሄዱ በኋላ የቀረች የአንዲት ፍየል ሬሳ በፍርስራሹ ውስጥ ተገኘ። የተራበ ሰው ፍየል ጥሎ አይሄድም። እንግዲህ በአንድ ሰፈር ውስጥ አንዱ ቤት በረኃብ ሲፈታ፣ ሌላው ቤት በሰላም ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል።

ምሥራቃዊው ሰፈር ከዚህ በኋላ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቈየ። መጨረሻውን ያመጣው አንድ ምክንያት ብቻ አይመስልም። አየሩ ከፍቷል፤ በ2022 ዓ.ም. የወጣ የሐይቅ ደለል ጥናት ከቅዝቃዜው ይልቅ የዝናብ ማነስ የሣሩን መስክ እንደ ጐዳው ያመለክታል። በ1349 ዓ.ም. ወረርሽኝ ኖርዌይን መታ፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ግሪንላንድ የሚመጣ መርከብ እየተመናመነ ሄደ። ወጣቱም ሰው ወደ አይስላንድ ወይም ወደ ኖርዌይ የመመለስ ዕድል ሲያገኝ ሳይጠቀምበት አልቀረም።

የምስክርነቱ ፍሬ ነገር

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ቁም ነገር አንድ ነው። አንድ ሕዝብ ከጠፋ በኋላ፣ ምግቡን ለመለወጥ ስላልፈለገ ጠፋ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ለሚፈርደውም ሰው እኔ ብሆን ኖሮ እለውጥ ነበር የሚል መጽናኛ ይሰጠዋል። የግሪንላንድ ባላገር ግን ለውጧል። ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ የተደረገው ጉዞ የግትር ሰው ጉዞ አይደለም። የጐደለው የመለወጥ ፈቃድ ሳይሆን፣ የለውጡ ሸክም ለሁሉ እኩል አለመዳረሱ፣ ምግቡ ሁሉ በአንድ ወር አደንና በጥቂት ጀልባዎች ላይ መንጠልጠሉ፣ የጕልበቱም ዋና ክፍል ለድርቆሽና ለሸቀጥ መዋሉ ነው። ይህ ደግሞ የባላገሩ ጥፋት ብቻ ሆኖ የሚቈጠር አይደለም።

ታሪክን የሚያስተምርም ሆነ የሚማር ሰው ከመጻሕፍት ቤት ውጭ ያለውን መዝገብ ማቃለል አይገባውም። በብራና ላይ የሚጽፈው የተማረውና የተሾመው ነው፤ በጉድፍ ክምር ላይ ግን ጌታውም ድኻውም፣ ሳያውቀው፣ እኩል ይጽፋል። ጳጳሱ ከአውሮፓ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ ስለ አሥራት ይነግረናል። አሥራቱን የከፈለው ሰው በዚያ ዓመት ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈው የሚነግረን ግን ከደጁ የጣለው የአቆስጣ አጥንት፣ በመጨረሻም ያረደው የገዛ ውሻው አጥንት ነው።